አናቴን ያዩልኝ ሰዎች

ፀጉሯን ስትታጠብ ውኃው አናቷ ላይ ሲያርፍ በርበሬ እንደተነሰነሰበት የሚያቃጥላት ሴት ካለች፣ ይህን የጻፍኩት ለእሷ ብዬ ነው። እኔ ያንን ስሜት ፎረፎር ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ የጁባ አቧራ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት አሳለፍኩት። እሷ ሁለት ሳምንት እንኳ እንድታሳልፍ አልፈልግም።

ገነት እባላለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጁባ የመጣሁት ባለቤቴን ሽመልስን ተከትዬ ነው። እሱ የነጭ ዓባይ ወንዝ ወደብ ላይ የጭነት ጀልባዎችን ሞተር ይጠግናል። እኔ ደግሞ ማላኪያ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ አንድ ያገራችን ሰው በከፈቱት ሆቴል ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። የምንኖረው ማንጋቴን ሰፈር በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ነው። አንድ ልጅ አለችን፣ ቤዛ። ነገሩ ሲጀምር አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል።

በመጀመሪያ ያሳክከኝ ነበር። ቀጥሎ ማበጠሪያ ሲነካኝ ያመኝ ጀመር፤ ፀጉሩ ሳይሆን ቆዳው ራሱ፣ እንደተመታ ቦታ። ከዚያ ማቃጠሉ መጣ። አንድ ቅዳሜ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ጣቷን አናቴ ላይ አቆመች።

«ምነው?» አልኳት።

«ገኒ፣ እዚህ ጋ ሳስቷል። ሳንቲም ያህል ቦታ።»

«ወዝ አጥቶ ነው፣ ቅባት ጨምሪበት» አልኳት። ከዚያን ቀን በኋላ ወደ እሷ አልተመለስኩም። መንገድ ላይ ሳያት እንኳ ባሻገር አቋርጬ ማለፍ ጀመርኩ። ምንም ያደረገችኝ ነገር የለም፤ ያየችው ነገር ነው ያሸሸኝ።

የሰው ልጅ የገዛ አናቱን ማየት አይችልም። ይህን ሳልታመም በፊት አስቤው አላውቅም። ሁለት መስታወት ይዤ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ እየገባሁ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ እያደረግኩ እፈልገው ነበር። የሚታየኝ ግማሽ ግማሽ ነው። እጄ ግን ያውቀዋል። ቦታው በየወሩ እየሰፋ ሲሄድ በጣቴ እለካው ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት።

ፋርማሲ ሄድኩ። የፎረፎር ሻምፑ ሰጡኝ፤ ባሰብኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ፈንገስ ነው ብለው ለስድስት ሳምንት የሚዋጥ ክኒን አዘዙልኝ። ሆዴን ከመረበሹ በስተቀር ምንም አልለወጠም። ሌላ ክሊኒክ ደሜን መርምሮ የደም ማነስ አለብሽ አለኝ፤ ብረት የሚባለውን ክኒን ዋጥኩ። ደሜ ሞላ፣ ፀጉሬ ግን መርገፉን አላቆመም። ሦስተኛው ጋ የነበረው ወጣት ሐኪም ሻርፔን ሳያስፈታኝ «ጭንቀት ነው፣ አታስቢ» ብሎ ሸኘኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኩትም። የክሊኒኩ መጠበቂያ ኒም ዛፍ ሥር የተደረደረ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከጎኔ አንዲት እናት በወባ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ልጁ ዓይኑን መክፈት አቅቶታል። ተራዬን ለእሷ ለቀቅኩላትና ወደ ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ራስ ምታት» አልኳት። ሰው ልጁን በትኩሳት ታቅፎ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ፀጉሬ ረገፈ ብሎ መናገር አፈርኩ። ይህ ሐፍረት ብዙ ጊዜ አሳጥቶኛል።

ቤት ውስጥም ሻርፕ ማሰር ጀመርኩ። የረገፈውን ፀጉር ከማበጠሪያው ለቅሜ በፌስታል ቋጥሬ ከቆሻሻው ሥር እደብቀዋለሁ። ስተኛ ኮፍያዬን አጥልቄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሽመልስ እጁን ራሴ ላይ ሊያሳርፍ ሲል «ደክሞኛል» እለዋለሁ። ቀስ በቀስ እሱም እጁን መዘርጋት ተወ። ከወደብ የሚመለስበት ሰዓት እየዘገየ መጣ። እራት እንበላለን፣ ቤዛ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች፣ እኛ ለእሷ ብቻ እንመልሳለን። ቸርቻችን ውስጥ አንዲት ትልቅ እህት ልትጸልይልኝ እጇን ራሴ ላይ ስትጭን ደንግጬ ወደ ኋላ ሸሸሁባት። ሴትየዋ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ጸሎቷን ጨረሰች።

ፀጉር አበቅላለሁ የሚል አንድ ሰው የመጣው በዚህ መሐል ነው።

የሆቴላችንን የስብሰባ ክፍል ለአንድ ሳምንት ተከራየ። ፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ያደረግኩለት እኔ ነኝ። በሩ ላይ የሰቀለው ባነር «በስቴም ሴል ፀጉርዎን መልሰው ያብቅሉ» ይላል፤ አንድ ራሰ በራ ሰውና ያው ሰው ፀጉር አብቅሎ ጎን ለጎን ታትመዋል። ስቴም ሴል ማለት ባማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚሉት ነው። ሌላ ሕዋስ መሆን የሚችል፣ የተጎዳ ቦታን የሚተካ የሰውነት ዘር ነው ብሎ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁልፉን ሲያስረክበኝ ሻርፔን አየና «እህቴ፣ ለሆቴሉ ሠራተኛ በግማሽ ዋጋ አደርጋለሁ» አለኝ።

ለሁለት ዓመት ማንም ሰው በቀጥታ ያልጠየቀኝን ነገር እሱ በአንድ እይታ አወቀው። ያ ብቻ አሸነፈኝ። ለቤዛ ትምህርት ቤት ካስቀመጥኩት ላይ አንስቼ ከፈልኩት።

ከክንዴ ደም ቀዳ። ደሙን በትንሽ ማሽን አሽከረከረና ከላይ የጠለለውን ቢጫ ፈሳሽ በሲሪንጅ መጠጠ። ከዚያ ጽሑፍ ከሌለው ትንሽ ብልቃጥ ላይ ጥቂት ጨመረበት። «ስቴም ሴሉ ይኸኛው ነው» አለ። አናቴን ስንቴ እንደወጋኝ አልቆጠርኩም። የበሽታውን ስም አልጠየቀኝም፣ ቦታውንም በቅጡ አላየውም። እኔም አልጠየቅኩትም። እያለቀስኩ ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ ከተስፋው።

በማግስቱ ማማ ሮዝ መጣች። ማማ ሮዝ ማላኪያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የሆቴሉን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉሯ ሸሽቶ ነበር። ባነሩን አይታ ወደ እኔ ተጠጋችና በጁባ ዓረብኛ «አንቺ ሞክረሽዋል? ኮይስ ነው?» አለችኝ፤ ጥሩ ነው ወይ ማለቷ ነው። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ኮይስ ነው» አልኳት። «ለውጡ ከወዲሁ ይሰማኛል።»

የሚሰማኝ ማበጡ ነበር።

ከተወጋሁ በአምስተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ የሞተር ሳይክል ታክሲው፣ ቦዳ ቦዳው ላይ ስቀመጥ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ቤት ስደርስ ልብሴን ሳልቀይር ተኛሁ። ሽመልስ ከወደብ መጥቶ ግንባሬን በእጁ ጀርባ ነካ።

«ወባ ነው» አልኩት።

«ወባ አይሸትም» አለኝ። «ራስሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ሻርፔን በሁለት እጄ ያዝኩት። ልጅ ከረሜላ ሲይዝ እንደሚያደርገው። ሊፈታው ሞከረ፤ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና ጮኽኩ። ወዲያው ተወኝና ወጣ። ጥሎኝ የሄደ መሰለኝ። ለካ ውኃ ሊያፈላ ነው። ለብ እስኪል ጠብቆ ጨው ጨመረበት፣ ከኋላዬ ዱካ ላይ ተቀመጠና ጨርቁን በጥጥ ያርሰው ጀመር። የሽመልስ እጅ ሻካራ ነው፤ ጣቶቹ መሐል የማይለቅ ግራሶ አለ። ያን ቀን ግን እጁ መኖሩ እስከማይሰማኝ ድረስ ነበር የሚነካኝ።

«ቶሎ አድርገውና ይለቅ» አልኩት።

«ሲቸኩሉ ነው የሚቀደደው። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ብዙ ቆየ። ጨርቁ በመጨረሻ ሲለቅ ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለ።

«ሁለት ዓመት።»

«ለዚህ ነው ፊትሽን ወደ ግድግዳ የምታዞሪው?»

«አዎ» አልኩት።

«እኔ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንድ ቀን፣ ልጄን ይዤ አገሬ ልግባ ትለኛለች እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ወደብ የማመሸውም ያን ቃል ላለመስማት ነው።»

ዞሬ አየሁት። ያ እርጥብ ጥጥ እጁ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ፣ እሱ የኔን መሄድ እየፈራ፣ እኔ የሱን ማየት እየፈራሁ እንደኖርን ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ማላኪያ ወደምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ወሰደኝ። እዚያ የምትሠራው ሲስተር ኛቦል ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ በስደት ጋምቤላ አድጋ፣ ነርስነት ተምራ የተመለሰች። አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። የወደብ ሠራተኞች ሲጎዱ የምታክማቸው እሷ ስለሆነች ሽመልስን ታውቀዋለች። ስለ መርፌው ነገርኳት፤ መብራት ስላልነበረ በስልኳ ባትሪ አናቴን አየች።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይቆጠቁጣል፤ ትንሽ ታገሺኝ» እያለች መግሉን አጠበችው። ከጨረሰች በኋላ ወዲያው አላሸገችውም። «ይኼ የመርፌው ቁስል ነው፣ ይድናል። ፀጉሩ የሄደው ግን በመርፌው አይደለም። ምን ብለውሽ ነበር?»

«ፈንገስ።»

«ፈንገስ ቢሆን ቆዳው ይላጥ ነበር፣ ፀጉሩም ተሰብሮ ጉቶው ይቀር ነበር። ሽመልስ፣ ና እስቲ እየው። እዚህ ዳር ላይ እያንዳንዱ ፀጉር የሚወጣበት ትንሽ ነጥብ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«መሐሉ ላይስ?»

ሽመልስ ጎንበስ ብሎ አየ። «መሐሉ ላይ የለም። ልሙጥ ነው፤ ያብለጨልጫል።»

«አዎ። በሩ ተዘግቷል» አለች። «ምን እንደዘጋው ግን እኔ አላውቅም። የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፣ የማላውቀውን መድኃኒት አልሰጥሽም። ቁስሉን አድንልሽና አዲስ አበባ ሂጂ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ «አላውቅም» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሁሉም ያውቁ ነበር። በአላውቅሟ ውስጥ ያረፍኩትን ያህል በማናቸውም ክኒን አላረፍኩም።

ትኩሳቱ እንደለቀቀኝ መጀመሪያ የሄድኩት ማማ ሮዝ ጋ ነው። ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻርፔን ገለጥ አድርጌ ፋሻውን አሳየኋትና «ዋሸሁሽ» አልኳት። «ምንም ሳላይ ለውጥ አለ አልኩሽ።»

መቀሷን አስቀመጠች። እሷም ተወግታለች። ቦታው አብጦ ነበር፣ ግን እንደኔ አልመገለም። እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር።

«አንቺ ስላልሽኝ ብቻ አይደለም የገባሁት» አለችኝ። «መስታወቴ ነው ያስገባኝ።»

ሲስተር ኛቦል ጋ ይዣት ሄድኩ። የእሷ ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ለዓመታት አጥብቃ የምታሠራው ሰው ሠራሽ ፀጉር ነበር ግንባሯን የጎተተው። ነጥቦቹ ገና አልጠፉም። ፍቺውና አሳርፊው ተባለች፣ አሳረፈችው። በወራት ውስጥ እንደ ጫጩት ላባ ለስላሳ የሆነ ፀጉር ግንባሯ ላይ ብቅ አለ። ስታሳየኝ እቅፍ አድርጌ ሳምኳት። ቤት ስገባ ደግሞ ትንሽ አለቀስኩ። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ሰውየው ያኔ ከጁባ ወጥቶ ነበር። የሆቴሉን ባለቤት ጋሽ ተፈራን ሄጄ «ያ ሰው ተመልሶ እንዳይመጣ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«እኔ ክፍል አከራየሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም» አሉኝ። ፋሻዬን አይተው ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ። ከወር በኋላ ሰውየው ለሌላ ሳምንት ክፍል እንዲያዝለት ጽፎ ሲልክ መልእክቱን አነበብኩላቸው። ቀና ሳይሉ «ሞልቷል በይው» አሉ። ያን ሳምንት ከክፍሎቻችን ግማሹ ባዶ ነበር።

አዲስ አበባ አንዲት የቆዳ ሐኪም ጋ ለመግባት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ራሱን ሸፍኗል፤ ሻሽ፣ ዊግ፣ ኮፍያ። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ወፍራም፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያንቺ ከየት ጀመረ?» አለችኝ።

«ከአናቴ።»

«የኔ ከጆሮዬ በላይ። ወደፊት እየመጣ ነው።» ስለ ታክሲ መስመር የምታወራ ነበር የምትመስለው። ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን፤ ከፊታችን ያሉት ሁለት ሴቶች ዞረው እነሱም ከየት እንደጀመራቸው ነገሩን። እስክጠራ ድረስ አዳራሹ ውስጥ ወሬ ሞላ።

ዶክተሯ በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። አናቴን በማጉያ መነጽር ብዙ አዩት። አደንዝዘው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆዳ ወሰዱና ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ አስቀመጡኝና በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

«የእያንዳንዱ ፀጉር ሥር ጎን ላይ ግንደ ሕዋሳት የሚኖሩበት ትንሽ ጎጆ አለ» አሉኝ። «ፀጉር ሲረግፍ አዲሱን የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው። ያንቺ በሽታ ያንን ጎጆ የሚያነድ ብግነት ነው። ከአናት ይጀምርና ወደ ዳር ይሰፋል። ጎጆው ከነደደ ቦታው ጠባሳ ይሆናል።»

«እኔ እኮ ከክንዴ ደም ቀድተው፣ ከብልቃጥ ጨምረውበት፣ ግንደ ሕዋስ ነው ብለው ወግተውኝ ነበር፣ ዶክተር።»

«የወጋሽ ደምሽን ነው። የራስን ደም አጣርቶ መውጋት በንጽሕና ሲሠራ የሚረዳው የፀጉር መሳሳት አለ። ያንቺ ግን እየነደደ ያለ ቆዳ ነበር፤ እሳት ላይ ዘር እንደ መበተን ነው። ብልቃጡ ውስጥ የነበረውን ደግሞ እሱ ይወቅ።»

«እውነተኛው የለም ማለት ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የሚደክሙበት ሰዎች አሉ። ፀጉር የሚያበቅሉ ሕዋሳትን በላቦራቶሪ አራብቶ መመለስ ይሞክራሉ። እኔም አነባለሁ፣ ተስፋም አደርጋለሁ። ለጠባሳሽ የሚሆን ነገር ግን ዛሬ በእጄ የለም፤ አለኝ የሚልሽ ሰው ካለ ስንት ሰው እንዳዳነና እንዴት እንደተከታተላቸው ጠይቂው። ዛሬ የምችለው ያልነደዱትን ጎጆዎች ማዳን ነው። እሱን አብረን እንሥራ።»

ልወጣ ስነሳ «እናትሽስ?» አሉኝ። «በቤተሰብ ይሄዳል።»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እናቴ ጉለሌ ነው የምትኖረው። ሻሿን ሳታስር ያየሁበትን ቀን አላስታውስም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ እጇን አንስታ የሻሿን ቋጠሮ ከኋላ ፈታችው። አናቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ነበር፤ ዙሪያውን ብቻ ነጭ ፀጉር ከቦታል።

«ያቃጥልሽ ነበር?» አልኳት።

«አንቺን ከወለድኩ በኋላ ጀመረኝ። ወጥ እየሠራሁ በእርጥብ ፎጣ እይዘው ነበር።»

«ለምን ለማንም አልተናገርሽም እማዬ?»

«ለማን ልንገር? አባትሽ እንኳ ሳያየው ነው የሞተው።»

አጎንብሼ አናቷን ሳምኩት። እናቴ እንዲህ የመሳም ልማድ የላትም፤ አንገቷን ሰበር አደረገች። ሻሿን መልሳ ያሰረችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሕክምናዬ ይህን ይመስል ነበር። ብግነቱን የሚያበርድ ክኒን ለጥቂት ወራት፣ በየቀኑ የሚቀባ ጠንካራ ቅባት፣ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ዶክተሯ ዳሩን ዳሩን የሚወጉኝ መድኃኒት፤ ደግሞም ካስክ፣ የሚያቃጥል ፀጉር ማለስለሻና ጠባብ ሹሩባ ፈጽሞ መተው። ቅባቱ ቆዳው ላይ እንጂ ፀጉሩ ላይ መቅረት የለበትም። ለራሴ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። አናቴ አይታየኝማ።

ሽመልስ ተረከበው። ከወደብ እየመጣ እጁን በሳሙናና በሎሚ ፈትጎ ይታጠባል። በማበጠሪያ ጭራ ፀጉሬን መሥመር መሥመር እየከፈለ በጣቱ ጫፍ ይቀባኛል። በወሩ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ብርሃን ባለበት ያስቀምጠኝና በስልኩ ፎቶ ያነሳኛል። መጀመሪያ ላይ እንባዬ ይመጣ ነበር። ኋላ ኋላ የቀኑን ወሬ የምናወራበት ሰዓት ሆነ፤ የትኛው ጀልባ እንደተበላሸ፣ የትኛው እንግዳ ቁልፍ ይዞ እንደጠፋ። ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞሬንም መቼ እንደተውኩ አላስታውስም።

በሦስተኛው ወር ገደማ ስታጠብ ውኃው ሲወርድብኝ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ማቃጠሉ ጠፍቷል። ገላዬን ታጥቤ ጨርሼም ከውኃው ሥር ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በፎቶዎቹ ላይ ቦታው መስፋቱን አቆመ። ዳሩ ላይ፣ ነጥቦቹ ባልጠፉበት፣ ፀጉር ተመለሰ፤ ሁለት ጣት ያህል ስፋት። መሐሉ፣ የሻይ ስኒ ክዳን የሚያህለው፣ ልሙጥ እንደሆነ ቀርቷል። አይመለስም። አንዳንድ ቀን እሸፍነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ እረሳዋለሁ። ያንን ቦታ ወድጄዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ባየሁት ቁጥር ግን አልሸሽም።

እህቴ፣ አናትሽ ላይ የሚያሳክክ፣ የሚያምና የሚያቃጥል ነገር ካለ ሰው እንዲያይልሽ አድርጊ፤ ባልሽ፣ እናትሽ፣ ጎረቤትሽ። ልሙጥ ሆኖ ካብለጨለጨ ወደ ቆዳ ሐኪም ለመሄድ ቀን አትቁጠሪ። ሳትመረመሪ በባነር የሚሸጥ መርፌ አትወጊ። ሰው ከኔ የባሰ ታሞ እያለ ብለሽ ደግሞ አታፍሪ፤ ሕመም በተራ የሚታይ ነው፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል።

ዶክተሯ ቤዛን እንድመለከት ነግረውኝ ነበር። ለሳምንታት አዘገየሁት። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፣ የማየውንም ፈርቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽመልስ እኔን ቀብቶ ሲጨርስ ቤዛ ከክፍሏ ወጥታ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እስቲ የኔንም እዩልኝ» አለች።

ማበጠሪያውን ተቀብዬ ለሽመልስ ሰጠሁት። በመሥመር ከፈለው። አናቷ መሐል ላይ ፀጉሩ ሳስቷል፤ በጣም ትንሽ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ። ነጥቦቹ ግን አሉ።

«ስትታጠቢ ያቃጥልሻል?» አልኳት።

«አንዳንዴ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?»

ዞራ አላየችኝም። «አንቺም እኮ አልነገርሽንም ነበር» አለች።

ሽመልስ ማበጠሪያውን አቆመ። ሄጄ ከፊቷ ተንበረከክሁና ጉልበቷን ይዤ «አጠፋሁ» አልኳት። «አሁን ግን ነገርሽን። በቃ፣ ነገርሽን።»

በዕረፍቷ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ዶክተሯ በማጉያቸው አይተው፣ ቁራጩንም አስመርምረው፣ ገና ጅማሬው እንደሆነ፣ አንዱም ጎጆ እንዳልነደደ ነገሩን። ቅባቱ ብቻ ይበቃታል አሉ። ከክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት።

«ምን አለቻችሁ?» አለች ስልኩ ገና ከመጥራቱ።

«በጊዜ መጥታለች አሉን እማዬ። ፀጉሯ አይሄድም።»

«ማነው ያየላት?»

«ራሷ ናት፣ እዩልኝ ያለችው።»

«ጎበዝ» አለች እናቴ፤ ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። «ጎበዝ ልጅ። እስቲ ስጫት።»

ስልኩን ለቤዛ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየች፣ እየደጋገመች «እሺ አያቴ፣ እሺ» ትላለች። ምን እንደተባለች ስጠይቃት፣ በሁለታችን መሐል ነው ብላ ክንዴን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ።